«ግባ እንጂ አትውጣ»፦ ከልብነ ድንግል ድንኳን እስከ ሪያድ አየር ማረፊያ

በ1487 የፖርቱጋሉ ንጉሥ ዳግማዊ ዦዋዎ ሁለት ሰዎችን በድብቅ ወደ ምሥራቅ ላከ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ በየመስመሩ «እ.ኤ.አ.» እያልን አናድክማችሁም።) ከሁለቱ አንደኛው ፔሮ ዳ ኮቪልያ ይባላል። አረብኛ የሚናገር፣ ነጋዴ መስሎ የትም የሚገባ ሰላይ ነበር። ሕንድ ድረስ ሄዶ የቅመማ ቅመሙን ንግድ አጠና፤ ካይሮ ተመልሶ ለንጉሡ ሪፖርቱን ላከ፤ ከዚያ በሆርሙዝ በኩል ዞሮ በ1490ዎቹ መጀመሪያ ግድም ኢትዮጵያ ገባ። አፄ እስክንድር በደስታ ተቀበሉት። በክብር ወደ አገርህ እመልስሃለሁ ብለውም ቃል ገቡለት።

ቃሉ ሳይፈጸም እስክንድር በ1494 አረፉ። ኮቪልያ አፄ ናዖድን «ልሂድ» ብሎ ጠየቀ። አይሆንም ተባለ። ናዖድም በ1508 አለፉና አፄ ልብነ ድንግል ነገሡ። ሰውዬው አሁንም ጠየቀ። ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደ ጻፈው ከሆነ፣ የተሰጠው መልስ ይዘቱ እንዲህ ነበር፦ አንተ የመጣኸው በእኔ ዘመን አይደለም፤ ከእኔ በፊት የነበሩት ነገሥታት መሬትና ሹመት ሰጥተውሃል፤ ስለዚህ ላሰናብትህ አልችልም። በዛሬው የመሥሪያ ቤት አማርኛ ሲተረጎም «ፋይልህን የከፈተው የቀድሞው ኃላፊ ነው» እንደ ማለት ነው። ሰው ለካ ያኔም ቢሮ ለቢሮ ይንከራተት ነበር!

የፖርቱጋል መልእክተኞች በ1520 ሲደርሱ ኮቪልያን ሚስት አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ፣ ባለ መሬት ሆኖ አገኙት። አስተርጓሚ ሆኖ አገለገላቸው። እነሱ ከስድስት ዓመት በኋላ መርከባቸውን ተሳፍረው ሲሄዱ እሱ እዚሁ ቀረ።

ብቻውንም አልነበረም። ኒኮሎ ብራንካሊዮን የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ በ1480 ግድም መጥቶ፣ በቤተ ክርስቲያኖቻችን ሥዕል እየሣለ አሥርተ ዓመታት ኖሯል። እኛ ዘንድ ስሙ መርቆሬዎስ ተብሏል። አልቫሬዝና ጓደኞቹ ሲመጡ እሱንም አግኝተውታል። ከሁለት ተኩል ክፍለ ዘመን በኋላ፣ በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም ከመግባቱ ይልቅ ፈቃድ አግኝቶ መውጣቱ አስቸግሮታል፤ የወጣው በ1771 መጨረሻ ነው።

ነገሩ ጭካኔ ብቻ አልነበረም። ለነገሥታቱ ሎጂክ ነበረው። ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ሙያ አለው፤ መድፍ ያውቃል፣ ሥዕል ያውቃል፣ ቋንቋ ያውቃል። ደግሞም መንገዱን ያውቃል፤ ያየውን ይዞ ሄዶ ለማን እንደሚነግር አይታወቅም። ስለዚህ መሬት ስጠው፣ ሚስት ዳርለት፣ አክብረው፤ በሩን ግን አትክፈትለት። እንግዳው ድሃ አይደለም፤ እንዲያውም ከብዙ ባላገር የተሻለ ይኖራል። የሌለው አንድ ነገር ነው፦ «እኔ ልሂድ» ብሎ በራሱ መወሰን።

ይህን ሎጂክ እስከ ጥግ የወሰዱት አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የሰፈሩት አውሮፓውያን ሚሲዮናውያን ወንጌል ሊያስተምሩ መጥተው መድፍ ሲሠሩ ተገኙ። ሴባስቶፖልን ያቀለጡት እነሱ ናቸው (ምስሉን ቸርችል ጎዳና ላይ በየቀኑ እናልፈዋለን)። ንጉሠ ነገሥቱ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሲያጣ፣ በ1864 መጀመሪያ የእንግሊዙን ቆንሲል ካሜሮንን አሰሩት። እሱን ለማስፈታት የተላከው ሆርሙዝ ራሳም በ1866 ሲመጣ በክብር ተቀበሉት። እስረኞቹን ይዞ እንዲሄድም ፈቀዱለት። ከዚያ ሐሳባቸውን ለወጡና እሱንም ከእስረኞቹ ጋር መለሱት። መጨረሻውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ናፒየር ጦሩን ይዞ መጣ፣ ሚያዝያ 1868 መቅደላ ወደቀች። የታሪክ መምህሮቻችን ይህን ምዕራፍ ሲያስተምሩን ጀግንነቱንና የተዘረፈውን ቅርስ ነው የነገሩን። ጦርነቱ በከፊል የመውጫ ፈቃድ ጉዳይ እንደነበር ግን ማን ነገረን?

ዋስ እና ከፊል

ይህን ሁሉ የምናነሳው አያቶቻችንን ለመክሰስ አይደለም። ዛሬ እህቶቻችን በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩበት ሥርዓት ከየት እንደመጣ ስናነብ፣ ያው የልብነ ድንግል መልስ በሌላ ቋንቋ ደጋግሞ ስላጋጠመን ነው።

በአረብ አገር የኖረ ዘመድ የሌለው የከተማ ልጅ እምብዛም የለም። ስለዚህ ቃላቱን ታውቋቸዋላችሁ፦ ኢቃማ፣ ከፊል፣ ጀዋዛት፣ ኩሩጅ፣ ሁሩብ። ግማሾቹ አማርኛ ሆነዋል ማለት ይቻላል። እስቲ «ከፊል» ላይ ትንሽ እንቁም። ቃሉ በእኛ ቋንቋ ቢመለስ «ዋስ» ነው። በእስልምና ሕግ ካፋላ የሚባለው ለሌላ ሰው ዕዳ ዋስ መሆን ወይም ወላጅ ያጣን ልጅ ወስዶ ማሳደግ ነው፤ ደግ ቃል ነው። እኛም ዘንድ ዋስ ደግ ሰው ነው። ፖሊስ ጣቢያ የገባ ልጅ ዋስ ጠርቶ ይወጣል። ዋስ የሚቆመው ሰው እንዲለቀቅ ነው። የባሕረ ሰላጤው ከፊል ግን ሰው እንዳይሄድ የቆመ ዋስ ሆነ። ቃሉ እንዴት ተገለበጠ?

የተለመደው መልስ «የበረሃ ባህል ነው፣ አረቡ እንግዳውን በዋስትና ነበር የሚቀበለው» የሚል ነው። የባሕሬኑ ምሁር ዑመር አል-ሺሃቢ ግን መዝገብ አገላብጦ ሌላ ታሪክ ይነግረናል፤ ዘመናዊው ካፋላ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግድም በእንግሊዝ ቅኝ አስተዳደር እጅ የተሠራ ነው ይላል። የእሱ ክርክር ለእኛ የበለጠ አሳማኝ ነው፤ ምክንያቱንም እንንገራችሁ።

ከነዳጅ በፊት የባሕረ ሰላጤው ሀብት ዕንቁ ነበር። በየበጋው በሺዎች የሚቆጠሩ ጠላቂዎች፣ አፍንጫቸውን በመቆንጠጫ ይዘው፣ እግራቸው ላይ ድንጋይ አስረው ባሕር ይወርዳሉ። ከእነሱ መካከል ከምሥራቅ አፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ብዙ ነበሩ። ነፃ የሆነው ጠላቂም ቢሆን ነፃነቱ ስስ ነበር። ናኹዳ የሚባለው የጀልባው አለቃ ወቅቱ ሳይጀምር ለቤተሰቡ ቀለብ ያበድረዋል፤ ወቅቱ ሲያልቅ ሂሳቡ ይተሳሰባል፤ ብዙ ጊዜ ጠላቂው ባለ ዕዳ ሆኖ ይገኛል። ዕዳውን ሳይጨርስ ወይም አለቃው ሳይለቀው ሌላ ጀልባ ላይ መሥራት አይችልም። ዕዳው ከአባት ወደ ልጅ የተሻገረበት ጊዜም ነበር።

እንግሊዞች ከ1919 ጀምሮ በባሕሬን በውጭ ዜጎች ላይ የዳኝነት ሥልጣን ያዙ። በ1926 የመጣው አማካሪያቸው ቻርልስ ቤልግሬቭ እስከ 1957 ድረስ የደሴቲቱን አስተዳደር በእጁ አድርጎ ኖረ። ችግራቸው ግልጽ ነበር። ከፋርስ፣ ከሕንድ፣ ከየመን፣ ከኦማን ሰው ይጎርፋል፤ ያንን ሁሉ የሚቆጣጠር በቂ ፖሊስና ቢሮ የለም። ርካሹ መፍትሔ እያንዳንዱን የውጭ አገር ሰው በአንድ ሰው ስም ማስመዝገብ ነው። መጀመሪያ የጀልባ አለቃው፣ በኋላ አሠሪው «ይህ ሰው የእኔ ኃላፊነት ነው፤ ካጠፋ እኔን ጠይቁኝ፣ ሥራው ሲያልቅ እኔ አስወጣዋለሁ» ይላል። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት በነጻ ተቋቋመ ማለት ነው። እያንዳንዱ አሠሪ ትንሽ ኢሚግሬሽን ሆነ።

ከዚያ በ1930 ግድም የጃፓን አርቴፊሻል ዕንቁና የዓለም የኢኮኖሚ ድቀት ተደራርበው ዕንቁውን ገደሉት። በ1932 ባሕሬን ላይ ነዳጅ ተገኘ፤ በ1938 ሳዑዲና ኩዌት ተከተሉ። ጀልባው ቀረ፣ አለቃው ቀረ። የኃላፊነት ወረቀቱ ግን አልቀረም፤ ወደ ነዳጅ ካምፑ፣ ከዚያም ወደ ግንባታው፣ ከዚያም ወደ ቤት ውስጥ ገባ።

ሳዑዲ የመኖሪያ ፈቃድ ሕጓን ያወጣችው በ1952 ነው። ኢቃማ የምንለው ከዚያ ይመነጫል። ባርነትን በሕግ ያስቀረችው ደግሞ በ1962 ነው። ለ10 ዓመት ሁለቱ ጎን ለጎን ኖረዋል። እኛ ካፋላና ባርነት አንድ ናቸው ብለን አንፈርድም፤ ሠራተኛ ደመወዝ አለው፣ ኮንትራት አለው፣ አይሸጥም አይለወጥም። ግን የጎረቤት ልጅ የጎረቤትን ፀባይ ይወስዳል እንዲሉ ነው።

ሥርዓቱ የፖለቲካ ዱላ መሆን እንደሚችልም በ1990 ታየ። እስከዚያ ድረስ የመኖች ሳዑዲ ውስጥ ያለ ከፊል የመኖር ልዩ መብት ነበራቸው። ሳዳም ኩዌትን ሲወር የየመን መንግሥት አቋም ሪያድን አስቆጣ። ሳዑዲ መብቱን ሰረዘችው፤ «ከፊል ፈልጉ ወይ ውጡ» ተባሉ። ከ7 መቶ ሺህ በላይ የመኖች በጥቂት ወራት ውስጥ አልጋና ፍራሻቸውን በመኪና ጭነው ወጡ። ጥይት አልተተኮሰም፤ የተለወጠው አንድ የኢሚግሬሽን ደንብ ብቻ ነው።

ማን ነው ሪፖርት የሚያደርገው?

እዚህ ላይ «የውጭ ዜጋን መቆጣጠርማ የትም አገር አለ» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው። እንግሊዝ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ ከአንዳንድ አገር የመጣን ሰው ፖሊስ ጣቢያ ሄደህ ተመዝገብ ስትል ኖራ፣ ደንቡን ያስቀረችው በ2022 ነው። ታይላንድ በ1979 ሕጓ መሠረት ከ90 ቀን በላይ የቆየ የውጭ ሰው በየ90 ቀኑ አድራሻውን እንዲያሳውቅ ታስገድዳለች፤ ዓመት ሙሉ የሚያቆይ ቪዛ ያለው ሰው እንኳ የመመለሻ ፈቃድ ሳይዝ ድንበር ከተሻገረ የመቆያ ፈቃዱ ይሰረዛል። አሜሪካ ግሪን ካርድ ያለው ዘመዳችሁ ቤት ሲቀይር በ10 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት (ስንቱ እንደሚያውቀው እንጃ!)፤ ከዓመት በላይ ውጭ የሚቆይ ከሆነም አስቀድሞ የመመለሻ ሰነድ ማውጣት አለበት።

አሜሪካ ከዚህ የባሰም ሞክራለች። ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ፣ በ2002፣ ከ25 አገሮች የመጡ ወንዶች በአካል ቀርበው አሻራ እንዲሰጡ፣ ሲወጡም በተመረጡ በሮች ብቻ ተመዝግበው እንዲወጡ አዘዘች። ከሰሜን ኮሪያ በስተቀር ሙስሊሞች በብዛት የሚኖሩባቸው አገሮች ነበሩ። ከጎረቤቶቻችን ኤርትራና ሶማሊያ ዝርዝሩ ውስጥ ገቡ፤ ኢትዮጵያ አልገባችም። አገር ውስጥ ከነበሩት ከ80 ሺህ የሚበልጡ ቀርበው ተመዘገቡ፤ በሕጉ አምነው ከቀረቡት ከ13 ሺህ በላይ የሚሆኑት የማባረር ክስ ተከፈተባቸው። ዝርዝሩ በ2011 ባዶ ተደረገ፣ ደንቡ ራሱ በ2016 መጨረሻ ተሰረዘ።

ግን ልዩነቱን ልብ በሉ። በእነዚህ አገሮች፣ ክፉውም ደጉም ደንብ ቢሆን፣ ሪፖርት የሚያደርገው ባለ ቪዛው ራሱ ነው። ተቀባዩም መንግሥት ነው። በካፋላ ግን ስለ ሠራተኛዋ ሪፖርት የሚያደርገው አሠሪዋ ነው። «ሁሩብ» ማለት ይኸው ነው፤ ጠፍታለች፣ ኮብልላለች የሚል ሪፖርት። ከፊሉ ይህን ሲያስመዘግብ ኢቃማዋ ዋጋ ያጣል። መሥራት አትችልም፣ ሌላ አሠሪ ጋ መዛወር አትችልም፣ በሰላም ወደ አገሯ መሄድም አትችልም፤ ስትያዝ ወደ ተርሂል ነው። ደመወዝ ጠይቃ የተጣላች ልጅም፣ ከድብደባ ያመለጠች ልጅም፣ በእውነት ሌላ ሥራ ፈልጋ የጠፋች ልጅም በመዝገቡ ላይ አንድ ናቸው። መዝገቡ «ለምን ወጣች?» የሚል ሣጥን የለውም።

መውጫውም እንዲሁ በአሠሪው እጅ ነበር። ኩሩጅ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው ሄዶ መመለሻ፣ ሁለተኛው የመጨረሻ መውጫ። የመመለሻውን 200 ሪያል የመንግሥት ክፍያ ማንም ሊከፍለው ይችላል፤ ማመልከቻውን ግን ከከፊሉ በቀር ማንም ማቅረብ አይችልም ነበር። እናቷ የሞተችባት ልጅ ትኬቱን በራሷ ገንዘብ ልግዛ ብትል እንኳ መዳም «ረመዳን ይለፍ» ካለች ይለፍ ነው። መዳምም የራሷ ሎጂክ አላት። ለኤጀንሲ ብዙ ሺህ ሪያል ከፍያለሁ፤ ኮንትራቱ ሁለት ዓመት ነው፤ ብትሄድ ማን ይመልስልኛል? መሬትና ሹመት ተሰጥቶሃል ከተባለው ከኮቪልያ ጋር አመሳስሉት። ልዩነቱ ኮቪልያ በእርግጥ መሬት ተሰጥቶት ነበር።

የእኛው በር

ለመሆኑ እኛስ? ደርግ ዘመን ወላጆቻችን ከአገር ለመውጣት ፓስፖርት ብቻ አይበቃቸውም ነበር፤ የመውጫ ቪዛ ያስፈልጋቸው ነበር። ያጡት በሱዳን በኩል በእግራቸው ወጡ። መንግሥት ደግሞ የመውጫ ፈቃድን ለዲፕሎማሲ ድርድር ተጠቀመበት፤ የቤተ እስራኤላውያን ጉዳይ ለዓመታት የተንጠለጠለው በዚሁ ነበር፣ እስከ ግንቦት 1991 ድረስ፤ ያኔ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በሁለት ቀን ውስጥ በአውሮፕላን ተጭኖ ሄደ። ደርግ ከወደቀ በኋላም ወረቀቱ በአንድ ጊዜ አልጠፋም። በ1995 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 32 ላይ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ አስቀመጠው፤ ኢትዮጵያዊም ሆነ በሕጋዊ መንገድ የገባ የውጭ ዜጋ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነት አለው ይላል። «የውጭ ዜጋ» የሚለው መጨመሩ ደስ ይላል። የኮቪልያ ካሳ መሰለን።

በሩ ተከፈተና ትውልዱ ወጣ። በ1990ዎቹ ቤይሩት፣ ከዚያ ጅዳ፣ ሪያድ፣ ዱባይ፣ ኩዌት። የወላጆቻችን ትውልድ ለመውጣት የራሱን መንግሥት ማህተም ይለምን ነበር፤ የእኛ ትውልድ ልጆች ከገቡበት ለመውጣት የሰው ቤት እመቤትን መለመን ጀመሩ።

2013ን ማን ይረሳዋል? ሳዑዲ በሚያዝያ የእፎይታ ጊዜ አወጀች፦ ሕጋዊ ያልሆናችሁ ወይ ወረቀታችሁን አስተካክሉ ወይ ያለ ቅጣት ውጡ። ጊዜው በኅዳር መግቢያ አለቀ። አፈሳው ተጀመረ፤ በሪያድ መንፉሃ ሰፈር ደም ፈሰሰ፣ ወገኖቻችን ሞቱ። እዚህ አዲስ አበባ በሳዑዲ ኤምባሲ ደጃፍ ሊጮኹ የወጡ ወጣቶችን ፖሊስ በዱላ በተናቸው። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ወደ ቦሌ ተመለሰ። ብዙዎቹ በሻንጣ ሳይሆን በፌስታል ነው የመጡት።

የኛ መንግሥት መልስ ምን ነበር? በዚያው ጥቅምት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለሥራ መሄድን አገደ። እገዳው እስከ 2018 ቆየ። ሐሳቡ ለመከላከል ነበር እንበል። ውጤቱ ግን በቦሌ የሚሄደው ሰው በኦቦክና በቦሳሶ ጀልባ ላይ መገኘቱ ሆነ። በ2019 ብቻ ከ100 ሺህ በላይ ሰው፣ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ፣ ጦርነት ውስጥ ባለችው የመን ባሕር ዳርቻ ላይ ወረደ። በጀልባ የገባ ሰው ኢቃማ የለውም፣ ከፊል የለውም፤ ስለዚህ ኩሩጅ የሚጠይቅለት የለም። ለሱ መውጫው አፈሳው ራሱ ነው። ከ2017 እስከ 2019 መጀመሪያ ድረስ ወደ 260 ሺህ የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተባረው መጥተዋል። ኮቪድ ሲመጣ ደግሞ በረራው ቆመና በሺዎች የሚቆጠሩ እስር ቤት ውስጥ ታጎሩ፤ መጋቢት 2022 ላይ ነው 100 ሺህ ያህሉን ለመመለስ ሁለቱ መንግሥታት የተስማሙት።

እንግዲህ ይህን ሥርዓት እዩት። መሄድ የፈለገችው ልጅ ማህተም የላትም ተብላ ትያዛለች። መቆየት የፈለገው ልጅ ወረቀት የለህም ተብሎ ይጣላል።

ኳስ ተጫዋቹ

ዓለም ስለ መውጫ ፈቃድ በደንብ የሰማው ግን በእኛ እህቶች አይደለም። በአንድ ኳስ ተጫዋች ነው። ፈረንሳያዊ-አልጄሪያዊው ዛሂር ቤሉኒስ ኳታር ውስጥ አል-ጃይሽ ለሚባል ክለብ ፈረመ። በደመወዝ ተጣሉና ክስ መሠረተ። ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ወደ ፈረንሳይ ልሂድ ሲል የመውጫ ፈቃድ የለህም ተባለ፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የከሰሰው ወገን ነውና። ዚዳንና ጓርዲዮላን በስማቸው እየጠራ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈላቸው። የወጣው በኅዳር 2013 መጨረሻ ነው፤ የእኛዎቹ ከመንፉሃ በሚባረሩበት በዚያው ወር! አንዱ እንዲወጣ ዓለም ጮኸ፣ በሺዎች የሚቆጠሩት በግድ ሲወጡ የጮኸው ጥቂት ነው። የቤሉኒስን መከራ አናቃልልም፤ ዝናው የከፈተው በር ለሌሎችም ተርፏል።

ኳታር የ2022ን የዓለም ዋንጫ የማዘጋጀት ዕድል አሸንፋ ስለነበር ዓይን በዛባት። በ2015 ሕጓን አሻሻለች፤ ብዙም አልተለወጠም። በ2018 ግን ለአብዛኛው ሠራተኛ የመውጫ ፈቃድን አስቀረች፤ አሠሪው እስከ 5 በመቶ የሚሆኑ ሠራተኞቹን ብቻ መርጦ ፈቃድ ይጠይቁ ማለት ይችላል ተባለ። የቤት ሠራተኞች እንደ ልማዱ መጨረሻ ቀሩ። ተራቸው የደረሰው በጥር 2020 ነው፤ ያውም ከመሄዳቸው 72 ሰዓት በፊት ለአሠሪያቸው እንዲያሳውቁ ከሚል ግዴታ ጋር። አንዲት ልጅ ከምትሸሸው ሰው ጋር ለሦስት ቀን «ልሄድብህ ነው» ብላ አንድ ቤት ውስጥ እንድታድር ሕግ ሲያዝ አስቡት። ሦስት ቀን የሁሩብ ሪፖርት ለማስገባት ይበቃል።

ሳዑዲ በመጋቢት 2021 ተከተለች። የግል ድርጅት ሠራተኛ ሄዶ መመለሻውንም ሆነ የመጨረሻ መውጫውን በራሱ ስልክ፣ አብሸር በሚባለው የመንግሥት ሲስተም ላይ መጠየቅ ቻለ። ትልቅ ነገር ነው፤ ለማንቋሸሽ አንቸኩልም። ግን ማሻሻያው ያላካተታቸውን ተመልከቱ፦ የቤት ሠራተኛ፣ የቤት ሾፌር፣ አትክልተኛ፣ የእርሻ ሠራተኛ፣ እረኛ። የእኛ ሰው ሳዑዲ ውስጥ ምን ይሠራል ብላችሁ ብትጠይቁ ዝርዝሩ ይኸው ነው።

አንዳንድ ወዳጆቻችን «ጊዜ ይፈታዋል፤ ታሪክ ወደ ፊት ነው የሚሄደው» ይሉናል። በዚህ ጉዳይ ታሪክ የሚሄድበት አቅጣጫ ግልጽ ሆኖ አልታየንም። በ1948 የወጣው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብት መግለጫ በአንቀጽ 13 ማንም ሰው የራሱንም አገር ጨምሮ ከማንኛውም አገር የመውጣት መብት እንዳለው ሲደነግግ፣ ኢትዮጵያ ደግፋ ድምፅ ሰጥታለች፣ ሳዑዲ ድምፀ ተአቅቦ አድርጋለች። ድጋፍ የሰጠችው የእኛዋ አገር ከ30 ዓመት በኋላ ዜጎቿን የመውጫ ቪዛ ስትጠይቅ ነበር።

ኩዌትን ደግሞ እዩ። ይህንኑ መብት የሚያጸናውን የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን የተቀበለችው በ1996 ነው። ጎረቤቶቿ የመውጫ ፈቃድን ሲያስቀሩ እሷ ለግል ድርጅት ሠራተኞች በጠቅላላ የሚሠራ እንዲህ ያለ ደንብ ከነጭራሹ አልነበራትም። ከሐምሌ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ግን አንቀጽ 18 በሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ የሚሠሩ የግል ድርጅት ሠራተኞች ሁሉ ከአገር ሲወጡ አሠሪያቸው ያጸደቀው የመውጫ ፈቃድ እንዲይዙ አዘዘች። የቤት ሠራተኞች በሌላ አንቀጽ ስለሚተዳደሩ፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ ከወንዶቹ ቀድመው ደንቡ አልነካቸውም። ወረቀት የለም፤ ማህተም የለም፤ ሁሉም በስልክ ነው። ሠራተኛው የጉዞውን ቀን ሞልቶ ይልካል፣ አሠሪው ይጫናል። ማመልከቻው የሚላክበት አፕ ስም «ሳህል» ነው። ትርጉሙ «ቀላል» ማለት ነው።